በስምምነት

«ልቀቀኝ እንጂ፤ የሚፋቱ ሰዎች ተደጋግፈው አይመጡም» አለችው ሚስቱ፣ የፍርድ ቤቱን የአጥር በር እንዳለፉ።

ሶፋ ሰሪው እጁን ከክንዷ አነሳ። መያዙን ራሱ ልብ አላለም ነበር። ከታመመች ወዲህ መንገድ ላይ ክንዷን መደገፍ እንደ መተንፈስ የማያስቡት ነገር ሆኖበታል። አሁን ባዶ የቀረውን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋውና ኪሱ ውስጥ ከተተው። እሷ ሻርፗን አጥብቃ ወደፊት አለፈች። ችሎቱ የሚሰየመው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። በየመታጠፊያው እየቆመች፣ የብረት መደገፊያውን እየያዘች፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች ደረጃውን ወጣች። እሱ ጥቂት ዝቅ ብሎ ተከተላት። ለሚያያቸው ሰው አብሮ መታየት ያስጠላቸው ባለጋራዎች ይመስሉ ነበር፤ እሱ ግን ምናልባት ወደ ኋላ ብትወድቅ በደረቱ ሊቀበላት እግሩን እያመቻቸ ነበር የሚወጣው።

ሰፈሩ ቲቸር ይላታል። ዕድሜዋን በሙሉ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ጢም ያወጡ ጎረምሶች ሳይቀሩ መንገድ ላይ ሲያይዋት ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ያረጋግጣሉ እየተባለ ይቀለድባት ነበር። ኩላሊቶቿ ሥራ ማቆማቸው የታወቀው ባለፈው ዓመት ነው። ድካም ነው፣ ዕድሜ ነው እያለች ስትሸነግለው የቆየችው እብጠት ከእግሯ ተነስቶ ፊቷ ላይ ሲደርስ፣ ሐኪሙ ሌላ መንገድ እንደሌለ ነገራቸው። ደሟ በሳምንት ሦስት ቀን በማሽን መታጠብ አለበት፤ ለጊዜው ሳይሆን እስከ መጨረሻው። ሶፋ ሰሪው ያን ዕለት «እስከ መጨረሻው» የሚለውን ቃል እንደ መጽናኛ ነበር የሰማው። ምን ማለት እንደሆነ የገባው የክፍያ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ነው።

የጤና መድን ካርድ ነበራቸው። መዋጮውን አንድ ዓመት እንኳ አላሳለፉም። ካርዱ ግን ለጉንፋንና ለጨጓራ ደህና ዘመድ ነበር እንጂ፣ እጥበት ሲባል አላውቃችሁም አለ። እጥበትን በነፃ የሚሸፍነው ለችግረኞች የሚሰጠው ሌላ ካርድ ነው፤ ችግረኛ መሆንና አለመሆን የሚመዘነው ደግሞ ባልና ሚስት አንድ ላይ ተደምረው ነው። ቤት አላቸው። ከቤቱ ጎን ሶፋ የሚሠራበት ሱቅ አለ። በመድን ጽሕፈት ቤቱ ያስተናገዳቸው ትሑት ሠራተኛ፣ ቤቱንም ሱቁንም ሸጠው እየከፈሉ ቢቆዩ፣ ገንዘቡ ባለቀ ማግስት ሁለቱም ያለ ምንም ጥያቄ ችግረኛ ተብለው እንደሚመዘገቡ አስረዳቸው። ይህን ሲናገር መልካም ዜና እንደሚያበስር ሰው ፈገግ ብሎ ነበር።

መጀመሪያ ቆዳ የሚሰፋበት ትልቁ መኪና ተሸጠ። ቀጥሎ የእሷ ጌጣጌጥ ሄደ። በኋላ ከሦስቱ የእጥበት ቀኖች አንዱ ተቀነሰ። ሐኪሙ ተቆጣ፤ እሷ ሳቀች፤ እሱ ዝም አለ። እብጠቱ ተመልሶ ዓይኗ ሥር ሰፈረ፤ ትራስ ደራርባ ካልሆነ በጀርባዋ መተኛት አቃታት።

ፍቺውን ያሰበችው ራሷ ናት። የእጥበት ክፍሉ ነርስ እንደ ዋዛ፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ብትሆን ኖሮ ካርዱን ባገኘች ነበር ስትል የሰማችውን፣ ለብዙ ቀን ስታብላላው ቆይታ አንድ ቀን ምሳ ላይ ነገረችው። ቤቱንም ሱቁንም ለእሱ ትተዋለች፤ ባዶ እጇን ታላቅ እህቷ ዘንድ ትገባለች፤ የመድን ሠራተኞች ሊያጣሩ ሲመጡ ከባሏ የተፋታች፣ ጥሪት የሌላት በሽተኛ ያገኛሉ። እሱ ሲደነግጥ እንዲታይ አልፈለገም። ማንኪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና «እሺ» አላት። እሷ ትኩር ብላ አየችው፤ አንድ ነገር የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ከዚያ ሳህኗን አንስታ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ለእህቷ እውነቱን አልነገሯትም። እህትየው ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ደግ ናት፤ አፏ ግን ክዳን የለውም፤ ጠዋት የሰማችው ነገር ከምሳ በፊት ገበያውን ዞሮ ይመለሳል። በዚያ ላይ አጣሪዎቹ ሲመጡ ከልቧ የምትራገም ሰው ታስፈልገናለች አለች ቲቸር። እሱም ልክ ነሽ አለ። ስለዚህ ያን ጠዋት ፎቁ ላይ አግዳሚ ይዛ የጠበቀቻቸው እህት፣ ሰላምታውን ሳትመልስ ከጫማው እስከ ፀጉሩ ገረመመችው።

«ደግ አደረግክ» አለችው በዝግታ። «የጤናዋን ዘመን ለራስህ፣ የሕመሟን ዘመን ለእኛ። እግዜር ይይልህ።»

ሶፋ ሰሪው ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ። ቲቸር በመካከላቸው ሆና የሻርፗን ዘርፍ ትቆጥር ይመስል በጣቷ ታፍተለትላለች። ኮሪደሩ ውስጥ ሌሎችም ጥንዶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ግድግዳ ያያሉ፣ አንዳንዶቹ ጠበቆቻቸውን መሀል አድርገው ይንሾካሾካሉ። እሱ እነዚያን እያየ እንዴት መቀመጥ እንዳለበት ለመማር ሞከረ። ከአፏ የሚወጣውን ትንፋሽ እያዳመጠ ግን መጥላት አይቻልም። ደረጃው አድክሟት ነበር፤ ከደረቷ ሥር ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ነገ የእጥበቷ ቀን ነው። ነገ ብርድ ልብሷን ይዛ ደጅ የምትጠብቃት እህቷ እንጂ እሱ አይደለም። ካርዱ እስኪወጣ ድረስ እንዳይገናኙ፣ ስልክም እንዳይደዋወሉ ተነጋግረዋል። ካርዱ ለመውጣት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ጠይቀው ነበር፤ እንደ ሁኔታው ነው ተባሉ። እሷ ያን ያህል ጊዜ እንዳላት ግን የጠየቀም የመለሰም አልነበረም።

ሲጠሩ እህትየው ውጭ ቀረች።

ችሎቱ እንደ ቢሮ ያለ ጠባብ ክፍል ነበር። ዳኛዋ ጠና ያለች፣ ካባዋን ሹራብ ላይ የደረበች ሴት ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የቀረበላትን ማመልከቻ ወደ ዓይኗ አስጠግታ ታነባለች። ሶፋ ሰሪው የተቀመጠበት ወንበር ሞላው ረግቦ፣ ስፖንጁ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን በመዳፉ ጫን ጫን አድርጎ አይቶ፣ የሠራውን ሰው በልቡ ይሰድብ ነበር። ዛሬ በዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ወደ ጎን አዘንብሎ እንደ ተቀመጠ ቀረ። የሚለውን ሚስቱ ለሕፃናት መዝሙር እንደምታስጠና ደጋግማ አስጠንታዋለች። ጠባያችን አልተጣጣመም። ሽማግሌ ገብቶ አልሆነም። ተስማምተን ነው የመጣነው። ከዚህ ውጪ አንድ ቃል እንዳይጨምር ነግራዋለች፤ መዋሸት አይችልበትም።

ዳኛዋ በየተራ ጠየቀቻቸው። ልጆች እንዳሏቸው ስትጠይቅ ሁለቱም ባንድ አፍ «የሉም» አሉ፤ ከዚያ ተያይተው ዓይናቸውን ሰበሩ። ስለ ንብረቱ ስትደርስ ወረቀቱን አስቀምጣ መነጽሯን አወረደች። በመጀመሪያ ያየችው የቲቸርን ፊት ነው፤ ያበጠውን የዓይኗን ሥር፣ የገረጣውን ከንፈሯን፣ ከእጅጌዋ ሥር ጫፉ የሚታየውን የክንዷን ፋሻ። ቀጥላ ወደ እሱ ዞረች። አስተያየቷ ስለተቀየረ ሶፋ ሰሪው ጆሮው ጋለበት።

«ባለቤትዎ ታመዋል?»

እሱ መታመሟን፣ ኩላሊቷ መሆኑን ተናገረ።

«እና እንዲህ ሆነው ሳለ ባዶ እጃቸውን ሊሸኟቸው ነው?»

በዕድሜው ሰው በዚያ ዓይን አይቶት አያውቅም። ጠባያችን አልተጣጣመም አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም አስጸየፈው። ዳኛዋ ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ የጋራ ሀብት መሆኑን፣ ሕጉ ግማሹን ለሚስት እንደሚሰጥ፣ የታመመ ሰው በጫና ወይም በተስፋ መቁረጥ መብቱን ቢተው ዝም ብላ እንደማታጸድቀው በረጅሙ አስረዳች። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ ሴትዮዋን ለመጠበቅ የቆረጠች መሆኗ ግን ግልጽ ነበር። ግማሹን ቤት ለቲቸር ብትፈርድላት ነገሩ ሁሉ እንዳልነበር ይሆናል፤ ቤት ያላት ሴት ችግረኛ አትባልም። ደጓ ዳኛ ሚስቱን በገዛ ደግነቷ ልትገድልበት ነው።

«ለምንድነው የማይፈልጉት?» አለች ዳኛዋ ወደ ቲቸር ጠጋ ብላ። «አይፍሩ። እሳቸው እዚህ አሉ ብለው አይፍሩ። ደብድበውዎታል?»

ቲቸር ሻርፗን ከአንገቷ ፈታ አደረገች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢመጣ ምን እንደምትል ተነጋግረው ነበር፤ ሰልችቶኛል፣ ዘመዶቼ ጋ ማረፍ እፈልጋለሁ ልትል ነበር። እሷ ግን ያን አላለችም።

«መትቶኝ አያውቅም፣ ክብርት ዳኛ» አለች። «አላስራበኝም። ሴት አልሄደብኝም። ሆስፒታል ያመላልሰኛል፤ ደጅ ቁጭ ብሎ ይውላል። ጎረቤት ቢጠሩ ይመሰክርለታል።»

«ታዲያ በደልዎ ምንድነው?»

«ከታመምኩ ወዲህ ተጣልቶኝ አያውቅም።»

ዳኛዋ ብዕሯን ያዘች፤ ግን አልጻፈችም። ቲቸር ወደ ባሏ ሳትዞር፣ ጠረጴዛው ላይ ላለ ለማይታይ ሰው የምትናገር ይመስል ቀጠለች። ከተጋቡበት ቀን ጀምሮ የተጨቃጨቁትን ያህል የተጨቃጨቁ ባልና ሚስት በአገሩ እንዳልነበሩ ተናገረች። በመስኮት መክፈትና መዝጋት፣ በሬዲዮ ድምፅ፣ በጨው፣ በእናቱ፣ በእህቷ፤ ጎረቤቶቻቸው ዛሬ ድምፃችሁ ጠፋ፣ አመማችሁ እንዴ እያሉ በር እስኪያንኳኩ ድረስ። እሱ ግትር ነበር። እሷም አፈ ጉልቤ ናት። አኩርፈው አብረው ያልበሉበት ቀን ግን አልነበረም።

«አሁን የምለው ሁሉ እሺ ነው» አለች። «ብሳሳትም እሺ። ብሰድበውም እሺ። ውሃ በልክ ነው የተፈቀደልኝ፤ ከዚያ ካለፈ ሳንባዬ ላይ ይወጣል። አንድ ቀን ፊቱ ቆሜ አንድ ጆግ ሙሉ ጠጣሁ። ሆን ብዬ። እንዲጮህብኝ ነበር። ምን አደረገ መሰለዎት? ጆጉን ተቀብሎኝ አጠበው።»

ከኮሪደሩ የሰው ስም ሲጠራ ይሰማል።

«ሰው ከሬሳ ጋር አይጣላም፣ ክብርት ዳኛ። እኔን ከቀበረኝ ቆይቷል። ከቀባሪዬ ጋር ደግሞ ቤት አልካፈልም።»

ሶፋ ሰሪው የወንበሩን ክንድ ጨምድዶ ይዞ ነበር። ያን ቀን አስታወሰው። ውሃው ጉሮሮዋ ውስጥ ሲወርድ፣ ዓይኖቿ ከጆጉ ጠርዝ በላይ እሱን ሲያዩ፣ እሱ ያሰበው ሐኪሙ እንዳትደነግጥ፣ እንዳትበሳጭ ያለውን ብቻ ነበር። ቢጮህ ልቧ የሚቆም መስሎት ነበር። ጆጉን አጥቦ ሲጨርስ እንደገና አጠበው። ከዚያ ሱቁ ገብቶ፣ ልብስ ብቻ እንዲቀየርለት የመጣን የሰው ሶፋ በጉጠት ገነጣጥሎ እንጨቱ ብቻ እስኪቀር አፈረሰው። ይህን ለማንም አልተናገረም። አሁንም ቢሆን የሚናገርበት ቦታ አይደለም።

«እውነት ነው?» አለችው ዳኛዋ። ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

ለጉዳዩ የሚበጀውም እውነቱም አንድ ዓይነት መልስ ሆነውበት ተቸገረ። የትኛውን ብሎ እንደሚናገር ሳይለይ፣ «እውነት ነው» አለ።

ዳኛዋ ለረጅም ጊዜ ሁለቱንም አየቻቸው። አንዴ ብቻ፣ ጊዜ ወስደው ሊያስቡበት ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቀች። ቲቸር ጊዜ የለኝም አለቻት፤ ያልዋሸችበት ሌላ መልስ። ዳኛዋ አጎንብሳ ጻፈች፤ የጻፈችውንም ጮክ ብላ አነበበች። ባልና ሚስቱ በስምምነት ተፋተዋል፤ ሚስት በፈቃዷ የንብረት ድርሻዋን ትታለች። ሶፋ ሰሪው በሕይወቱ እንደዚያ ያለ አስቂኝ ቃል የሰማ አልመሰለውም። እነሱ በሻይ ስኳር እንኳ ተስማምተው አያውቁም።

የውሳኔው ግልባጭ ከመዝገብ ቤት እስኪወጣ እህትየው ታክሲ ልትጠራ ወረደች። ደረጃው አናት ላይ ሁለቱ ብቻቸውን ቆሙ። ቲቸር ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። እሱ በዙሪያቸው የሚያዳምጥ ሰው መኖር አለመኖሩን አየና ጠጋ አለ።

«ያን ያልሺው… ለዳኛዋ ብለሽ ነው?»

«ምኑን?»

«የጆጉን። የሬሳውን።»

ዓይኗን ገለጠች። ቁጣ አልነበራትም፤ ደክሟት ነበር።

«እንፋታ ስልህ አንድ ቃል ሳትከራከረኝ እሺ አልከኝ እኮ፣ ጌታው» አለችው። «አብደሻል ወይ እንኳ አላልከኝም።»

ለእሷ ብሎ እንደሆነ ሊነግራት አፉን ከፈተ። እሷ ቀድማ አውቃለሁ አለች። አውቃለሁ ብላ የዘጋችበት ድምፅ፣ ባታውቅ ይሻላት እንደነበር የሚናገር ድምፅ ነበር። ከዚያ መዝገብ ቤቱ ስሟን ጠራ፤ ወረቀቱን ተቀብላ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወረቀቱን ዛሬውኑ ወደ መድን ጽሕፈት ቤቱ ትወስደዋለች። ስትወርድ አልያዛትም።

ከአጥሩ ውጭ ታክሲው ቆሞ ይጠብቃል። እህትየው የቲቸርን ሻንጣ ከኋላ ጭና፣ በሩን ከፍታ፣ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራለች። ቲቸር ቀስ ብላ ገባች፤ እግሯን በእጇ አንስታ አስገባችው። መስታወቱን ዝቅ አደረገች።

«አንተ» አለችው፣ እህቷ እንድትሰማ ጮክ ብላ። «እኔ የለሁም ብለህ ሳሎኑን አረንጓዴ ትቀባና።»

ይህ በመካከላቸው የቆየ ነገር ነበር። እሱ አረንጓዴ ይወዳል፤ እሷ አረንጓዴ ግድግዳ የክሊኒክ ኮሪደር ነው ትላለች። ቀለም ባስቀቡ ቁጥር በዚሁ ይጣላሉ፤ በየጊዜውም ሳሎኑ ቢጫ ሆኖ ያርፋል። አሁን በመስኮቱ በኩል ቀና ብላ ታየዋለች። ያበጡ ዓይኖቿ ጠበው፣ ያለ ትዕግሥት፣ ዘፈን ጀምራ ቀሪውን ከተማሪዎቿ እንደምትጠብቅ አስተማሪ።

ሶፋ ሰሪው ትንፋሿን አየ። የከንፈሯን መሰንጠቅ አየ። እህትየው ታያለች፤ ሹፌሩ ይጠብቃል።

«እሺ» አላት።

ቲቸር ራሷን ነቀነቀች። መስታወቱን ወደ ላይ መለሰችው። ታክሲው ሲነሳ ወደ ኋላ አልዞረችም።

መንገዱን ተሻግሮ አውቶቡስ የተሳፈረው የት እንደሚሄድ ሳያስበው ነው። መቀመጫ አልነበረም፤ ከላይ የተዘረጋውን ብረት ይዞ ቆመ። ፋርማሲው አለፈ፤ የብረታ ብረት ሱቆቹ አለፉ፤ ፊት ለፊት ያለ ማስታወቂያ ላይ ጤናማ ቤተሰብ ጥርሱን አሳይቶ ይስቃል። ቤቱ ሲደርስ ምን እንደሚጠብቀው ማሰብ ጀመረ፤ የደራረበቻቸው ትራሶች፣ የመድኃኒቷ ቦታ፣ ያ ቢጫ ግድግዳ። ቢጫው ላይ ሲደርስ ንዴቱ ድንገት ተነሳበት።

ምን አገባሽ፣ አላት በልቡ። ቤቱ የኔ ነው፤ በፍርድ የኔ ነው፤ አንቺ ነሽ አልፈልግም ብለሽ ያስፈረምሽው። አረንጓዴ ነው የምቀባው። ነገ። ሰው አንድ ዕድሜ ሙሉ ቢጫ ውስጥ ይኖራል? እንኳን አንቺ እኔም ኩላሊቴ ባይታመም ይገርማል። ደግሞ ሬሳ ነኝ ትያለሽ። ሬሳ እንዲህ ይናገራል? ሬሳ ደረጃ ይወጣል? አንድ ጆግ ውሃ ስትጠጪ ደንዝዞ የሚያይ ባል ነው የቀበረሽ? እብድ። አንቺ እብድ ሴት፣ ብትሞቺስ? ብትሞቺብኝስ ኖሮ?

ጮክ ብሎ መናገሩን ያወቀው ሰው ሲዞር ነው። ከአጠገቡ መስኮቱ ሥር የተቀመጠች፣ ፌስታል ጭኗ ላይ የያዘች ሴት ቀና ብላ አየችው።

«እኔን ነው?» አለችው ግራ ገብቷት።

«አይ» አላት ሶፋ ሰሪው። ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ሚስቴን ነው።»

ሴትዮዋ ወደፊትም ወደ ኋላም ዞር ብላ ፈለገች። ከዚያ ከጎኗ ያስቀመጠችውን ሌላ ፌስታል አንስታ እግሯ ሥር አደረገችና ወደ መስኮቱ ጥግት አለች።

«ሚስትዎ ይምጡና ይቀመጡ እንጂ» አለች። «ለአንድ ሰው ቦታ አለ።»

አውቶቡሱ ፌርማታ ላይ ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ ተሳፋሪዎች ተራ በተራ መግባት ጀመሩ። ሴትዮዋ በሩን ታያለች። እሱም ብረቱን እንደያዘ፣ አፉ ላይ ገና ያላለቀ ቃል እንዳለ፣ ዞሮ ወደ በሩ አየ።